ሦስተኛው መስመር

ጠዋት ጥርሴን እየቦረሽኩ ሳለ ወንድሜ ከግድግዳው ወዲያ በአንዲት ሴት ላይ ሲፈርድባት ሰማሁ። መታጠቢያ ቤቱን ከእሱና ከሚስቱ መኝታ ቤት የሚለየው ግድግዳ ስስ ስለሆነ ሲያስነጥሱ እንኳ «ይማርህ» ልል ይቃጣኛል። «ሳቂታ ናት እንላለን» አለ። «እሷ እንደሆነች ለቃ ሄዳለች። አትሰማ፣ አትጎዳ።» ሚስቱ አንድ ነገር አጉረመረመች፤ ቃሉ ባይደርሰኝም ደስ እንዳላላት ከድምጿ ያስታውቃል። «ታዲያ ማንን ልበል?» አለ እሱ ብሶበት። «ያሳደጉኝን ሰው በዚህ ዕድሜያቸው ለውጭ ሰው አሳልፌ ልስጣቸው?» ከዚያ የቁም ሣጥኑ በር ሲጥ አለ፤ ለእንግዳ ቀን ብቻ የሚለብሰውን፣ አንገቱን የሚያንቀውን ሸሚዝ እየፈለገ ነበር። እኔ አፌን በአረፋ እንደሞላሁ ቆሜ ቀረሁ። ውሸቱን የሚፈጥረው እሱ ቢሆንም በባዕድ ቋንቋ የምናገረው እኔ እንደሆንኩ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ሳቂታ ወርክሾፓችን ውስጥ የቦርሳ ገበር ትሰፋ የነበረች ልጅ ናት። ስሟ ሌላ ነው፤ ግን መርፌ ጣቷን ሲወጋት እንኳ ስለምትስቅ ሁላችንም ሳቂታ ብለናት ቀረ። ከሦስት ሳምንት በፊት የመውለጃዋ ቀን ስለተቃረበ አንድ በአንድ ስማን ሄደች። በሦስት ዓመት ውስጥ እጀታ ነክታ አታውቅም። የተበላሸው ደግሞ እጀታ ነው። ለውጭ አገር ገዢዎች ለሙከራ ከላክናቸው መቶ ሃያ የቆዳ ቦርሳዎች የሠላሳ አንዱ እጀታ ተዛንፎ ተገኘ፤ አንደኛው ጫፍ ከሌላው የጥፍር ያህል ዝቅ ብሎ ተሰፍቷል። በእጅ ሲይዙት አያስታውቅም። ሚስማር ላይ ሲሰቅሉት ግን ቦርሳው እንደተቆጡት ሰው አንገቱን ወደ ጎን ያዘነብላል።

እኛ የጠበቅነው ስድብ ነበር። የመጣው ግን ደብዳቤ ነው፤ አጭር፣ ትሁት፣ ለወንድሜ ከስድብ የባሰ። ከገዢው ድርጅት አንዲት ሴት ለአንድ ቀን ትመጣለች፣ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ታያለች፣ ከዚያ አንዲት ገጽ ወረቀት ትሞላለች። ወረቀቷ ላይ ስህተቱ ምን እንደሆነ፣ የት እንደተፈጠረና ማን እንደሠራው ይጻፋል። ወረቀቷ በደንብ ከተሞላች የአንድ ሺህ ቦርሳ ትዕዛዝ ይፈረማል፤ ካልተሞላች ሴትየዋ በማግስቱ ወደ ሌላ አገር፣ ወደ ሌላ ወርክሾፕ ትበራለች። አሥራ አራት ሰው በዚያ ትዕዛዝ ላይ ተስፋውን ጥሏል። ደብዳቤውን ስተረጉምለት ግን ወንድሜ ሺህ የሚለውን ቁጥር የሰማውም አልመሰለኝ። «ማን እንደሠራው» የሚለው ላይ ቆሌው ተገፈፈ። «ስም ነው የሚፈልጉት» አለኝ። «አየሽ? ሰው እንድንሰጣቸው ነው።»

እጀታ የሚሰፉት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ አጎታችን። ሠራተኞቹ «አባ ወስፌ» ይሏቸዋል፤ የቆዳ መብሻዋ ወስፌ ከእጃቸው አትለይም። እኔና ወንድሜ ግን «አባባ» ነው የምንላቸው። አባታችን ሲሞት እኔ አራት ዓመቴ፣ እሱ ዘጠኝ ዓመቱ ነበርና ሌላ አባባ ብለን የምንጠራው ሰው አልነበረንም። ትዳር ሳይዙ፣ ለራሳቸው አንድ ደህና ኮት ሳይገዙ፣ በዚያች ወስፌ አስተማሩን። ወንድሜ ወርክሾፑን ሲከፍት የመጀመሪያው ሠራተኛ እሳቸው ነበሩ፤ ጠረጴዛቸውም በመንገድ በኩል ባለው ትልቅ መስኮት ሥር ነበር። አሥራ አንድ ዓመት እዚያው ቁጭ ብለው ሁለት መርፌ በአንድ ቀዳዳ እያሻገሩ እጀታ ሰፉ። ከሁለት ወር በፊት ግን ወደ ውስጠኛው ክፍል አዛወርናቸው። ሐሳቡ የኔ ነበር፤ ኮርቼበትም ነበር። በር ያለው የራሳቸው ክፍል፣ መደገፊያ ያለው ወንበር፣ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ ዋጋ ተከራክሬ የገዛሁት ወፍራም ትራስ፣ ከጠረጴዛው በላይ አዲስ አምፖል። «እንደ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ እኮ!» አልናቸው። ሠራተኞቹ አጨበጨቡ። እሳቸውም «እግዜር ያክብርልኝ» አሉና ወስፌያቸውን ይዘው ገቡ።

ቁርስ ላይ ስለ ዳቦ መወደድ አወራን። አጎቴ ቁራሹን ወደ ብርሃን አንሥተው «ይኼ ዳቦ ወዲያ ማዶ ያሳያል እኮ፤ መጋረጃ ይሁን እንዴ?» አሉ። ወንድሜ ከቀልዱ በላይ ሳቀ። ሚስቱ አልሳቀችም፤ ሻይ እየቀዳች እኔን ታየኛለች፣ እኔ የጠረጴዛውን ልብስ አያለሁ። አጎቴ ዳቦውን አኝከው ሲጨርሱ «እንግዳዋ ስንት ሰዓት ነው የምትመጣው?» ብለው ጠየቁ። «ሦስት ሰዓት አካባቢ» አለ ወንድሜ። «እኔ ምን ላዘጋጅ?» «ምንም አባባ። እርስዎ በሩን ዘጋ አድርገው ሥራዎን ይሥሩ። ከእሷ ጋር ምን ያደክምዎታል?» አጎቴ የሻይ ብርጭቋቸው ውስጥ አንድ ነገር የጠፋባቸው ይመስል ትንሽ አጎንብሰው ቆዩ። «እሺ» አሉና ኮፍያቸውን አንሥተው እንደ ልማዳቸው በእግራቸው ቀድመውን ወጡ።

መኪና ውስጥ ብቻችንን ስንሆን «ግድግዳው ስስ ነው» አልኩት። ወንድሜ መሪውን ጨበጥ አደረገ። «ሰማሽ?» «ሳቂታ ምን አደረገችህ?» «ምንም! ለዚህ እኮ ነው። ስሟ በማታውቀው አገር፣ በማታውቀው ሰው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፤ በቃ፣ አለቀ። አባባ ቢሆኑስ? ያቺ ሴትዮ 'እኚህን ሰውዬ አሰናብት' ብትለኝ ምን ልል ነው? በአሥራ ሦስቱ ሠራተኛ ፊት ጠርታ ብትቆጣቸውስ?» የአንዲት ሳቂታ ልጅ ስም በአንድ በኩል፣ አጎቴ በሌላ በኩል ሲሆኑ ሆዴ ወዴት እንደሚያደላ አውቀዋለሁ።

ደብዳቤው ሁለት ሰዓት ይላል። ወንድሜ ይህን ያነበበው እንደኛ ሰው ነው፤ ሁለት ሰዓት ያለ እንግዳ ከሆቴሉ የሚነሣው በሁለት ሰዓት ነው፣ እስኪደርስ ሦስት ይሆናል፣ ቀድሞ መጥቶ ባለቤቱን ማሳፈርም ደግ አይደለም። ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ስንደርስ ሴትየዋ የተቆለፈው በራችን ደረጃ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ፀጉሯ አጭርና ሽበታም፣ ጫማዋ ጠፍጣፋ፣ ከጎኗ ትልቅ ሻንጣ። አጎቴ አጠገቧ ናቸው፤ ቁልፉ ወንድሜ ኪስ ውስጥ ነበራ። ጋዜጣቸውን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ለእሷ አንጥፈውላታል። አንዳቸው የሌላቸውን ቋንቋ አያውቁም፤ ግን የሻንጣዋን እጀታ መሐላቸው አድርገው በጣት ይነጋገራሉ። አጎቴ ስፌቱ የላላበትን ቦታ በጥፍራቸው ከፈት አድርገው እያሳዩዋት ነበር። ወንድሜ ይህን ሲያይ ላብ አጠመቀው። «አባባ፣ ይግቡ፣ ብርድ ይመታዎታል» አለ፤ ፀሐይዋ ሞቅ ብላ ወጥታ ነበር።

ወንድሜ ለእንግዳዋ ትልቁን ወንበር አዘጋጅቶ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ልጆቿ ሊጠይቃት ተሰናድቷል። እኛ ዘንድ እንዴት አደርሽ ሳይል በቀጥታ ስለ እጀታ የሚያወራ ሰው ወይ ተጣልቷል ወይ ቤቱ እየተቃጠለ ነው። እሷ ግን ሻይዋን በሦስት ጉንጭ ጨርሳ ተነሣች፤ እስከዚያ የገቡትን ሠራተኞች ከጽዳት ሠራተኛዋ ጀምራ ሁሉንም በየተራ ጨበጠች፤ ከዚያ ሻንጣዋን ከፍታ ካመጣቻቸው አሥራ ሁለት የተበላሹ ቦርሳዎች አንዱን አወጣችና ግድግዳው ላይ ባለው ሚስማር ሰቀለችው። ቦርሳው ዘመም አለ። ሌላውን ሰቀለች፤ ዘመም። ሦስተኛውን ስትሰቅል የስፌት ማሽኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ፤ ሠራተኛው ሁሉ ጉልበቱን ያይ ጀመር። ማስቲሽ ቀቢው ጣቱ ላይ የደረቀውን ይልጣል። «ለምንድን ነው የማያዩት?» አለችኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ። «ሥራው ግድ አይሰጣቸውም?» «ግድ ስለሚሰጣቸው ነው» አልኳት። «ሰው ሲዋረድ ዓይን ማንሣት እኛ ጋ ነውር ነው።» «ማን ተዋረደ?» አለች፤ ከልቧ ነው የጠየቀችኝ። «የሰቀልኩት ቦርሳ ነው።» ምን ብዬ ላስረዳት? ቦርሳውን በእጁ የሠራ ሰው እንዳለ፣ እነዚህም ሁሉ ማን እንደሆነ እንደሚያውቁ፣ ስለዚህ አሁን እዚያ ሚስማር ላይ አንገቱን አዘንብሎ የተንጠለጠለው ቦርሳው ሳይሆን ሰው እንደሆነ እንደምንም ብዬ ነገርኳት። ሦስቱንም አወረደችና ጠረጴዛ ላይ አጋደመቻቸው። ይቅርታ መጠየቋን ተርጉሜ ለሠራተኛው ነገርኩ፤ ይኼኛው ደግሞ ይበልጥ አሸማቀቃቸው።

የወንድሜ ቢሮ ገብተን በሩ ሲዘጋ ወረቀቷን አወጣች። ከላይ ጥቂት ጥያቄዎች፣ ከታች ለስም የተተዉ ሦስት መስመሮች። «እጀታውን የሰፋው ማን ነው?» አለች። ድምጿ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው ነው። ወንድሜ ያንን የጠዋቱን ነገር እኔን ሳያየኝ ተናገረ። እኔም ተረጎምኩ። ምላሴ ትንሽ እንኳ አለመደናቀፉ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ስድስት ዓመት ስሠራ፣ ውኃ በሌለበት ቀን «አሁን ይመጣል» እያልኩ የለመድኩት ለስላሳ ድምፅ ነው ከአፌ የወጣው። እንግዳዋ የልጅቷን ስም ፊደል በፊደል አስጠራችኝና ሁለተኛው መስመር ላይ ጻፈችው። «ስልኳን ስጪኝ» አለች ቀጥላ። «ልደውልላት እፈልጋለሁ። ስትሰፋ ምን እንዳስቸገራት ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።» ወንድሜ ይህን አልጠበቀም። «ስልኳ አይሠራም በያት» አለኝ በጥርሱ መሐል። አልኳት።

ያን ጊዜ ነው የመጀመሪያው መስመር ላይ ዓይኔ ያረፈው። ቀድሞ ተሞልቷል። «ይኼ የማን ስም ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። «የኔ» አለች። «የላካችሁልንን ናሙና ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ ነው ያየሁት። ብሰቅለው ኖሮ ከመጀመሪያው ይታየኝ ነበር።» ቀለል አድርጋ ነው የተናገረችው፤ የራሷን ጥፋት እንደ ስልክ ቁጥሯ ነገረችን። ለወንድሜ ስነግረው ሳቅ አለ፤ ግን የደስታ አልነበረም። «ወጥመድ ነው» አለኝ። «ራሷን አስቀድማ እኛን ልታናዝዘን ነው። አንቺ ደግሞ ሞኝ ነሽ።» እውነቱን ለመናገር እኔም በግማሽ ልቤ እንደሱ አሰብኩ። አለቃ የሆነ ሰው «አጠፋሁ» ሲል ሰምቼ አላውቅም፤ ሲባል የሰማሁት «ተሳስተሃል» ነው።

ለምሳ ወንድሜ ጥሩ ሆቴል ውስጥ የመስኮት ዳር ጠረጴዛ አስይዞ ነበር። እንግዳዋ አመስግና ከቦርሳዋ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል አወጣችና ሠራተኞቹ በሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ሆና በላች፤ በእሷ አስተሳሰብ በሥራ ቀን ሰው ላይ ወጪ አለማብዛት ጨዋነት ነው። ወንድሜ ወደ ሆቴሉ ደውሎ ሲሰርዝ ጆሮው ቀልቶ ነበር። «ምግባችንን ከናቀች አለቀልን» አለኝ። አልናቀችም ብለው አልሰማኝም፤ እሱ ሰውን የሚያውቀው ማዕድ ላይ ነው። አንድ ላይ ያልበላውን ሰው እንዴት አድርጎ እንደሚለምን አያውቅም።

ከምሳ በኋላ እንግዳዋ አሥራ ሁለቱን ቦርሳዎች ወለሉ ላይ ደረደረች፤ ከመደርደሪያችን ደግሞ ከሙከራው የተረፉትን ደህናዎቹን አውርዳ ትይዩ አደረገቻቸው። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። እኛ ለሳምንታት ቦርሳዎቹን ስናይ ያላየነውን እሷ በአንድ አፍታ አየችው፤ የተዛነፉት ሁሉ ጠቆር ያለ ቡናማ ናቸው። የአሸዋ መልክ ካላቸው ውስጥ አንድም የተበላሸ የለም። «ልጅቷ ጥቁሩን ብቻ ነበር የምትሰፋው?» አለችኝ። ወንድሜን አየሁት። «አዎ በያት» አለ። «ነጣ ያለውንስ ማን ሰፋው?» ማስቲሽ ቀቢው ሳል ያዘው። እንግዳዋ በእርሳሷ የሳቂታን ስም መታ መታ እያደረገች ደግማ ጠራችው፤ በእሷ አፍ ስሙ ጠመም ቢልም ይለያል።

የውስጠኛው ክፍል በር ተከፈተ። አጎቴ ወስፌያቸውን እንደያዙ ወጡ። «ከጠዋት ጀምሮ የዚያችን ልጅ ስም እየደጋገማችሁ እሰማለሁ» አሉ። «ምን አድርጋ ነው?» ወለሉ ላይ የተደረደሩትን አዩ፤ አንዱን አነሡ፤ በአውራ ጣታቸው እጀታውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሱት። የተበላሸ ሥራ መመለሱን የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ እሳቸውን ከዚህ ዜና ለመጠበቅ ሁላችንም ተባብረን ነበር። «የኔ ስፌት ነው» አሉ። «እጀታ ከኔ በቀር የሚሰፋ የለም።» «እንዳትተረጉሚ!» አለኝ ወንድሜ፤ ድምፁ ልመናም ቁጣም ነበር። እንግዳዋ እኔን ታየኛለች። አጎቴም እኔን ያዩኛል። ተረጎምኩ።

ወንድሜ የፈራው ቁጣ አልመጣም። እንግዳዋ ፊቷ በራ፤ የፈለገችውን ሰው አገኘች። ቀጥ ብላ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባችና እስከ ዛሬ ሌላ ሰው ያልተቀመጠበት የአጎቴ ወንበር ላይ፣ በዚያ እኔ በገዛሁት ትራስ ላይ ቁጭ አለች። ወንድሜ ሽምቅቅ አለ። አምፖሉን አብርታ ጥቁር ቡናማ ቆዳ አነሣች፤ አጎቴ የስፌቱን ቀዳዳ የሚመሩባቸውን ነጠብጣቦች ፈለገች። የገዛ እጇ ጥላ ቆዳው ላይ ወደቀ። ወደ ግራ ዞረች፣ ወደ ቀኝ ዞረች። መነጽሯን አወጣች። በመጨረሻ ሳቀችና ቆዳውን አስቀመጠችው። «ምንም አይታየኝም» አለች። «እሳቸው ሠላሳ አንድ ብቻ ማበላሸታቸው ነው የሚገርመው። ጠረጴዛው ሁልጊዜ እዚህ ነበር?»

«መስኮቱ ሥር ነበር» አሉ አጎቴ። ለምን እንደተዛወረ ስትጠይቃቸው «አክብረውኝ ነው» አሉ። ይህን ስተረጉም እንግዳዋ የተሳሳትኩ መስሏት አስደገመችኝ። «አይታየኝም ለምን አላሉም?» አጎቴ ወስፌያቸውን በእጃቸው እያዞሩ አሰቡ። «በር ያለው ክፍል ሰጡኝ። ትራስ ገዙልኝ። አጨበጨቡልኝ። ያከበሩኝን ልጆች 'ክብራችሁ ጨለማ ነው' ልበላቸው?» እንግዳዋ ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ «ጠረጴዛውን ያዛወረው ማን ነው?» አለች።

ወንድሜ ጥያቄውን እስክተረጉም አልጠበቀም፤ ገብቶታል። «እኔ ነኝ በያት» አለ። «ባለቤቱ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ያዘዝኩት። አንቺ አትግቢበት።» ጠዋት ለአጎታችን ያደረገውን አሁን ለኔ እያደረገ ነበር፤ እኔም ጠዋት አፌን በአረፋ ሞልቼ ስፈርድበት የነበረውን አሁን ምንኛ እንደተመኘሁት! «ወንድሜ፣ እኔ ነኝ ይላል» አልኳት። ከዚያ «ግን እኔ ነኝ» አልኩ። ምክንያቱንም ነገርኳት። አንድ ቀን የሠፈራችን ሴት በመስኮቱ በኩል ስታልፍ ለጓደኛዋ «ያሳደጓቸውን ሽማግሌ ይኸው እስካሁን ያስጎነብሷቸዋል» ስትል ሰምቼ ነበር። በጥፊ እንደተመታ ሰው ሆኜ ነው ወደ ቤት የገባሁት። በሳምንቱ ትራስ ገዛሁ። ለእሳቸው ክብር ነው ስል ራሴንም አሳምኜ ነበር፤ ግን መንገደኛ እንዳያያቸው ነው የደበቅኳቸው። በባዕድ ቋንቋ ማለቱ ቀለለኝ። ከዚያ ዞሬ ያንኑ ለአጎቴ በቋንቋችን ስደግመው ግን ድምፄ ተቆራረጠ። አጎቴ በረዥሙ አዩኝ። «አውቄዋለሁ ልጄ» አሉ። «ትራሱ ወፍራም ነበር።»

እንግዳዋ የሳቂታን ስም በሁለት ጭረት ሰረዘችው። እንዳይነበብ አድርጋ እንድትሰርዘው ለመንኳት፤ ምክንያቱ ባይገባትም እስኪጠቁር ሰረዘችውና ከጎኑ የኔን ስም ጻፈች። ሺውን አልፈረመችም፤ አራት መቶ ፈረመች። የቀረው አዲሶቹ እጀታዎች ከታዩ በኋላ ይሆናል አለች። ወንድሜ ይደሰት ወይስ ይዘን ሳያውቅ ፈረመ። ስትወጣ አጎቴን ጨበጠቻቸውና የሻንጣዋን እጀታ አሳየቻቸው፤ የላላውን ስፌት በምሳ ሰዓት በር ዘግተው አጥብቀውላት ኖሯል። ታክሲዋ ከዓይናችን ሲሰወር ለሳቂታ ደወልኩ። ስልኳ ይሠራል። ሴት ልጅ ወልዳለች። ምን እንዳልንባት ስነግራት «እኔ? እጀታ?» ብላ ሳቀች፤ ግን እንደ ድሮው አልረዘመላትም።

ጠረጴዛውን ወንድሜና ማስቲሽ ቀቢው ተሸክመው ወደ መስኮቱ መለሱት። ወንድሜ አያናግረኝም። የገዛ ወረቀታችን ላይ የእህቱን ስም ሲያይ የቀብር ማስታወቂያ ያነበበ ያህል ነው ፊቱ የጠቆረው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ የጠረጴዛውን እግር እያስተካከለ፣ «እኔ ልያዘው ብልሽ ምን ነበረበት?» አለኝ። «አንተ አልሠራኸውማ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። እሱ የሚያውቀው ፍቅር ይኼ ነው፤ ቀድሞ ገብቶ መሸፈን። መጥፎ ፍቅር ነው ማለት አልችልም፣ በእሱ ነው ያደግኩት። አጎቴ ትራሱን ውስጥ ትተው በድሮው መቀመጫቸው ላይ ተቀመጡ። አሥር ሰዓት ተኩል ነበር፤ ብርሃኑ ጠረጴዛው ላይ ሙሉ ለሙሉ ተኝቷል።

«ያቺን ወረቀት አምጪና አንብቢልኝ» አሉኝ። የእኛን ቅጂ አመጣሁ። ጥያቄዎቹን እያነበብኩ ተረጎምኩላቸው፤ ምን ተበላሸ፣ የት ተበላሸ። «ስሞቹስ?» አሉ። «አንደኛው መስመር ላይ የእንግዳዋ። ሁለተኛው ላይ የኔ።» «ሦስተኛው ላይ?» «ባዶ ነው።» «ለምን?» «እርስዎ ምን አጠፉ አባባ? የብርሃኑ ጥፋት ነው እኮ።» አጎቴ መነጽራቸውን አወለቁ። «ብርሃን እጀታ ይሰፋል እንዴ?» አሉ። ሊያስቁኝ መስሎኝ ፈገግ አልኩ፤ እሳቸው ግን እየቀለዱ አልነበረም። «ያቺ ሴትዮ አጠፋሁ አለች፤ ተጻፈች። አንቺ አጠፋሁ አልሽ፤ ተጻፍሽ። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ እጀታ የሰፋሁት፣ ሳይታየኝ ይታየኛል ብዬ ዝም ያልኩት ሰው የት አለሁ? አሁንም በር ልትዘጊብኝ ነው?»

እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰዱ። በየትኛው ፊደል እንደሚጻፍ አልጠየቁኝም፤ በራሳችን ፊደል፣ ሦስተኛው መስመር ላይ፣ ስማቸውን ከነአባታቸው ስም ጻፉ። ፊደሎቹ ከመስመሩ ዝንፍ አላሉም። «በይ ፎቶ አንሺና ላኪላት» አሉኝ። ስልኬን አውጥቼ ወረቀቱ ላይ አነጣጠርኩ። ወንድሜ ከኋላዬ መጥቶ፣ ሳይናገር፣ ቆሞ ሲያነብ ነበር፤ ጥላው በአጎቴ ስም ላይ እንዳረፈ ሲያይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።